የተመዘገበ አድራሻን ከስልክ የገንዘብ ቦርሳ መሰረዝ፦ ምን ይጠፋል? ምን ይቀራል?

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አጠና ተራ ገጠርና ከተማ የሚገናኙበት ገበያ ነው። ከአርሶ አደሩ ማሳ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ አጠና በጭነት መኪና ተጭኖ ወደዚህ ይመጣል፤ ለቤት ሠሪው፣ አጥር ለሚያጥረውና መወጣጫ ለሚያቆመው ግንበኛ ይሸጣል። በዚህ ዓይነት ንግድ ውስጥ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ሳይሆን ከስልክ ወደ ስልክም መተላለፍ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብር አገልግሎትን ያስጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሏል። ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ መተግበሪያ አቅርበዋል።

ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፍ ሰው የሚልክላቸውን ሰዎች አድራሻ በስም መዝግቦ ያስቀምጣል። «አጠና አቅራቢ»፣ «ሾፌር»፣ «ዕድር»፣ «የወንድሜ አዲሱ ቁጥር» የሚሉ ስሞች በስልኩ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ። አንዳንዱ ባለስም ቁጥሩን ቀይሯል፤ አንዳንዱ ሥራውን ትቷል፤ አንዳንዱም በሕይወት የለም። ስሙ ግን በስልኩ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል።

እነዚህን ስሞች መሰረዝ ቀላል ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስረዛው የሚነካውንና የማይነካውን ለይቶ አለማወቅ ገንዘብን ላልታሰበ እጅ አሳልፎ ይሰጣል። በተለይ ክሪፕቶከረንሲ በሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ላይ አንዴ በስህተት የተላከ ገንዘብ አስመላሽ ተቋም የለውም። ይህ ጽሑፍ የአድራሻ መዝገብ ምን እንደሆነ፣ ስም ሲሰረዝ ምን እንደሚጠፋና ምን እንደሚቀር፣ እንዲሁም መዝገቡን በጥንቃቄ ማጽዳት የሚቻልበትን መንገድ ያብራራል።

ስም እና አድራሻ አንድ አይደሉም

አርሶ አደሩ ይህን ልዩነት ከዘር ከረጢት ያውቀዋል። በከረጢት ላይ «ቁንጮ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ በውስጡ ያለው የጤፍ ዘር ቁንጮ አይሆንም። ጽሑፉ የባለቤቱ ማስታወሻ ነው፤ የሚበቅለው ግን በከረጢቱ ውስጥ ያለው ዘር ነው። ጽሑፉ ቢፋቅ ዘሩ አይሞትም። ጽሑፉ ከተሳሳተ ግን ስህተቱ የሚታወቀው ማሳው ከበቀለ በኋላ ነው።

በስልክ የገንዘብ ቦርሳ ውስጥ ያለው የአድራሻ መዝገብም እንዲሁ ነው። ስሙ ተጠቃሚው ራሱ የለጠፈው ምልክት ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ከስሙ በስተጀርባ ወደተቀመጠው ቁጥር ነው። በቴሌብርና በኤም-ፔሳ ይህ ቁጥር የስልክ ቁጥር ነው፤ በባንክ መተግበሪያ የሒሳብ ቁጥር ነው። በክሪፕቶከረንሲ ቦርሳ፣ በተለምዶ «ዋሌት» በሚባለው፣ ደግሞ ረጅም የሆሄያትና የቁጥሮች ድርድር ነው። ለምሳሌ በኢቴሪየም መረብ ላይ ያለ አድራሻ በ«ዜሮ» እና በ«ኤክስ» ሆሄ ጀምሮ በጠቅላላው 42 ምልክቶች አሉት። በትሮን መረብ ላይ ያለው ደግሞ በ«ቲ» ሆሄ ይጀምርና 34 ምልክቶችን ይይዛል።

እንዲህ ያለውን ድርድር በቃል መያዝም ሆነ ሳይሳሳቱ በእጅ መጻፍ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የአድራሻ መዝገብ የተፈጠረውም ለዚህ ነው፤ ተጠቃሚው አንዴ በትክክል መዝግቦ ከዚያ በኋላ በስሙ እየፈለገ እንዲልክ ያስችለዋል። ስለዚህ መዝገቡ ጠቃሚ የሚሆነው በውስጡ ያለው ስምና አድራሻ እስከተጣጣሙ ድረስ ብቻ ነው።

ስም ሲሰረዝ ምን ይሆናል?

ተጠቃሚው አንድን ስም ከአድራሻ መዝገቡ ሲሰርዝ የሚጠፋው ስሙ ከአድራሻው ጋር የተያያዘበት ማስታወሻ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ በቦታው ይቀራል።

አንደኛ፣ በቦርሳው ውስጥ ያለው ገንዘብ አይቀንስም፣ አይጨምርም። ሁለተኛ፣ የተሰረዘው ሰው የራሱ ሒሳብ አይዘጋም፤ ስሙ መሰረዙንም አያውቅም። ሦስተኛ፣ ይህ ሰው ገንዘብ እንዳይልክ አይታገድም፤ ስረዛ እግድ አይደለምና። አራተኛ፣ ከዚህ በፊት የተደረጉ ዝውውሮች ታሪክ አይጠፋም።

አራተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የባንክ ወይም የቴሌብር ዝውውር መዝገብ የሚቀመጠው በተቋሙ ዘንድ ነው። ተቋማቱ የግብይት መዝገብ የመያዝ የሕግ ግዴታ ስላለባቸው ደንበኛው ከስልኩ ስም በመሰረዙ መዝገቡ አይነካም። በክሪፕቶከረንሲ ደግሞ የዝውውሩ መዝገብ ብሎክቼን በሚባል፣ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ በርካታ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድነት በተያዘ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የመጀመሪያው የቢትኮይን መዝገብ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2009 የተመዘገበ ሲሆን እስከ ዛሬ ማንም ሊያነበው ይችላል። ከስልክ ላይ ስም መሰረዝ ከዚህ መዝገብ ላይ አንዲት ቁጥር አይፍቅም።

ስለዚህ ባለዕዳ ዕዳውን ለመካድ፣ ከፋይም ክፍያውን ለመደበቅ ስም ቢሰርዝ የሚያተርፈው ነገር የለም። በተቃራኒው ደግሞ ስም በስህተት የተሰረዘበት ሰው «ማስረጃዬ ጠፋ» ብሎ መደንገጥ የለበትም። ቀኑን፣ የገንዘቡን መጠንና የግብይት ቁጥሩን ይዞ መዝገቡን ማስፈለግ ይችላል።

በብር ሲላክ፦ ስም የሚያሳይና የሚያስመልስ ተቋም አለ

የቆየ ስም የሚያመጣው ጣጣ በብር ዝውውርም ይታያል። ዕድርን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። አንድ አባል ወርሃዊ መዋጮውን ለገንዘብ ያዡ በስልክ ይልካል እንበል፤ ቁጥሩን የመዘገበውም «ዕድር» ብሎ ነው። ከዓመት በኋላ ዕድሩ ሌላ ገንዘብ ያዥ ሲመርጥ በአባሉ ስልክ ላይ ያለው «ዕድር» ግን አሁንም የቀድሞው ገንዘብ ያዥ የግል ቁጥር ነው። አባሉ መዋጮውን እንደከፈለ ያምናል፤ በዕድሩ መዝገብ ላይ ግን ውዝፍ አለበት። ችግሩ የሚሰማው ሐዘን በደረሰ ጊዜ ነው።

የስልክ ቁጥርም ባለቤት ሊቀይር ይችላል። ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ያልሰጠ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ዓመታት ባለፉት ስም ገንዘብ የሚልክ ሰው ለማያውቀው ሰው እየላከ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም በብር ዝውውር ላይ ሁለት መከላከያዎች አሉ። የመጀመሪያው የስም ማረጋገጫ ነው። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያዎች የምስጢር ቁጥር ከመግባቱ በፊት ሒሳቡ የተመዘገበበትን የተቀባይ ስም ያሳያሉ። ይህ ስም ተጠቃሚው የለጠፈው ሳይሆን በተቋሙ ዘንድ ያለው ስም ነው። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ዝውውሩን ማቋረጥ ይገባል።

ሁለተኛው መከላከያ የሚጠየቅ ተቋምና የሚዳኝ ሕግ መኖሩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 ያልተገባ ክፍያን የሚመለከት ድንጋጌ ይዟል፤ የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። በዓይነቱ የተለየ ቢሆንም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው የሥርዓት ችግር ይህን በግልጽ አሳይቷል። በዚያ ሌሊት ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች መደረጋቸውንና 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለአግባብ መወሰዱን ገልጾ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስም ይፋ እስከ ማድረግ ደርሷል። ከገንዘቡም አብዛኛው ተመልሷል። ይህ ሊሆን የቻለው እያንዳንዱ ሒሳብ በስም የሚታወቅ ባለቤት ስለነበረው ነው።

በክሪፕቶከረንሲ ሲላክ፦ ስም የለም፣ መመለሻም የለም

በክሪፕቶከረንሲ ቦርሳ ሁለቱም መከላከያዎች የሉም። ቦርሳው ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ትክክለኛ ስም አያሳይም፤ አያውቀውምና። በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ስም ላኪው ራሱ የጻፈው ብቻ ነው። «ወንድሜ» ተብሎ የተመዘገበው አድራሻ የሌባ ቢሆን ቦርሳው «ወንድሜ» እያለ ገንዘቡን ለሌባው ያደርሳል። ዝውውሩ በብሎክቼን ላይ ከጸደቀ በኋላ የሚሰርዘው ባንክ፣ የሚያግደው ሥራ አስኪያጅ የለም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ የመገበያያ ገንዘብ ብር መሆኑን፣ ክሪፕቶከረንሲ ለክፍያ እንዲውል ፈቃድ አለመስጠቱንና ኅብረተሰቡ ከእንዲህ ያለ ግብይት እንዲቆጠብ አሳስቧል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ዝውውርና በማምረት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች ኃይል መሸጡ ብዙ ሰው ዲጂታል ገንዘቡ በአገር ውስጥ ለመገበያያነት የተፈቀደ እንዲመስለው አድርጓል፤ ኃይል መሸጥና በገንዘቡ መገበያየት ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ለአጠና፣ ለድንች ወይም ለከብት ሽያጭ ክፍያውን በክሪፕቶ እንዲቀበል የተጠየቀ ነጋዴ ወይም አርሶ አደር ይህን ማወቅ ይኖርበታል። ክፍያው ቢሳሳት ወይም ቢጭበረበር እንደ ባንክ ደንበኛ የሚቀርብበት መስኮት የለውም።

የቦርሳው ጉዳይ ግን የሚመለከታቸው ሰዎች አሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ያሏቸው፣ ወይም ቦርሳ በስልካቸው ላይ የጫኑ ወጣቶች ያሉባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ የአድራሻ መዝገቡን አያያዝ ማወቅ ገንዘብን ከመጥፋት የማዳን ጉዳይ ነው።

«ተመሳሳይ አድራሻ» የማጥመድ ዘዴ

መዝገብን በዘፈቀደ መሰረዝም የራሱ አደጋ አለው። ምክንያቱ ሌቦች የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ዘዴ ነው።

ሰው ረጅም አድራሻን ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተውለው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው። መተግበሪያዎችም ቦታ ለመቆጠብ መካከሉን በነጥብ ተክተው ጫፎቹን ብቻ ያሳያሉ። ሌባው ይህን አይቶ ከአንድ ሰው ወዳጅ አድራሻ ጋር መጀመሪያውና መጨረሻው የሚመሳሰል የራሱን አድራሻ በኮምፒውተር ያዘጋጃል። ከዚያም ከዚያ አድራሻ ዜሮ ወይም እጅግ ጥቂት ገንዘብ ወደ ሰውየው ቦርሳ ይልካል። ዓላማው አድራሻው በዝውውር ታሪኩ ውስጥ እንዲሰፍር ብቻ ነው። ሰውየው በሌላ ቀን ለወዳጁ ሊልክ ሲል ከታሪኩ ውስጥ የመጨረሻውን አድራሻ ይቀዳል። የቀዳው ግን የሌባውን ነው።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ የክሪፕቶ ባለቤት በዚህ ዘዴ ተታሎ በወቅቱ ዋጋው 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረ፣ 1 ሺህ 155 ቢትኮይን የሚወክል ዲጂታል ገንዘብ በአንድ ዝውውር ለሌባ ልኳል። ከድርድር በኋላ ሌባው አብዛኛውን መልሷል፤ ይህ ግን በሌባው ፈቃድ የሆነ እንጂ በማንም ግዳጅ አልነበረም። እንዲህ ያለ ዕድል ለሌላው ይደርሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በትክክል የተረጋገጠ አድራሻን በስም መዝግቦ መያዝ ከታሪክ ውስጥ ከመቅዳት ይሻላል። ትክክለኛውን ስም «ቦታ ያዘ» ብሎ የሰረዘ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አድራሻውን ከታሪኩ ለመቅዳት ይገደዳል፤ ያን ጊዜም ለወጥመዱ ይጋለጣል። ስለዚህ መሰረዝ ያለበት የተሳሳተው፣ ያረጀውና ያልተረጋገጠው ነው። የተረጋገጠው ይቆያል።

መቼ መሰረዝ፣ መቼ ማቆየት

ማንኛውም የገንዘብ ቦርሳ ተጠቃሚ የሚከተሉትን አድራሻዎች ሳይዘገይ መሰረዝ ይኖርበታል።

• ባለቤቱ ቁጥሩን ወይም ቦርሳውን መቀየሩን ያሳወቀበት አድራሻ፤
• በኃላፊነት ስም የተመዘገበና ኃላፊው የተቀየረበት፣ ለምሳሌ የዕድር ወይም የዕቁብ ገንዘብ ያዥ፤
• በሕይወት የሌለ ሰው አድራሻ፤
• ባለቤቱ ስልኩ ወይም ቦርሳው እንደተሰረቀበት የተናገረበት አድራሻ፤
• ማን እንደሆነ የማይታወስ፣ «አዲስ» ወይም «ሙከራ» የሚል ስም ብቻ ያለው አድራሻ፤
• በማኅበራዊ መገናኛ በተላከ መልእክት ብቻ የተቀዳና በድምፅ ወይም በአካል ያልተረጋገጠ አድራሻ።

በሌላ በኩል በቅርቡ ገንዘብ የተላከበትና መድረሱ የተረጋገጠ አድራሻ መቆየት አለበት። ክርክር ያለበት ክፍያ የተፈጸመበት አድራሻም ጉዳዩ እስኪያልቅ ቢቆይ ይመረጣል፤ ወይም ከመሰረዙ በፊት በወረቀት ላይ ይገልበጥ። አንድ ሰው በሁለት የተለያዩ መረቦች ላይ ሁለት አድራሻ ሊኖረው እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም። ቴተር የተባለው ከዶላር ጋር የተቆራኘ ዲጂታል ገንዘብ በኢቴሪየምም በትሮንም መረብ ላይ ይዘዋወራል። በአንድ ስም ሁለት አድራሻ የታየው ተጠቃሚ «ተደግሟል» ብሎ አንዱን ከመሰረዙ በፊት አጀማመራቸውን ማየት አለበት።

አሰራረዙ ደረጃ በደረጃ

የመተግበሪያዎች አቀማመጥ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የቁልፎቹ ስም ሊለያይ ይችላል። መንገዱ ግን በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው።

1. መጀመሪያ በወረቀት ላይ ዝርዝር ይያዛል። የሚሰረዙት ስሞች ተለይተው ይጻፋሉ። በተከታታይ ሲሰረዝ እጅ ስለሚስት ይህ ደረጃ ባይዘለል ጥሩ ነው።

2. ባለቤቱ በሕይወት ካለ ይደወልለታል። «ይህን ቁጥር አሁንም ትጠቀምበታለህ?» ብሎ መጠየቅ ከደቂቃ በላይ አይወስድም። ጥሪው በቆየውና በሚታወቀው ስልክ ቁጥር ይሁን፤ «ቁጥሬን ቀይሬያለሁ» ብሎ በጽሑፍ የመጣ መልእክት ራሱ የአታላይ ሊሆን ይችላልና።

3. መዝገቡ ይከፈታል። በስፋት ከሚታወቁት የክሪፕቶ ቦርሳዎች አንዱ በሆነው ሜታማስክ ላይ «ሴቲንግስ» የሚለው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ «ኮንታክትስ» የሚል ክፍል አለ። የሚሰረዘው ስም ተመርጦ «ኤዲት» የሚለው ሲነካ «ዲሊት» የሚለው ቁልፍ ይመጣል። በባንክ መተግበሪያዎች ላይ ደግሞ የተመዘገቡ ተቀባዮች ዝርዝር ካለ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በገንዘብ ማስተላለፊያው ገጽ አካባቢ ነው።

4. ከመሰረዙ በፊት ሙሉው አድራሻ ይነበባል። በስሙ ብቻ መተማመን አይገባም፤ በመጀመሪያና በመጨረሻ ሆሄያት ብቻም አይበቃም። በመካከሉ ያሉ ጥቂት ሆሄያት ጭምር ይታዩ።

5. ከተሰረዘ በኋላ በሌሎች መሣሪያዎች ላይ ይታያል። ቦርሳው በስልክም በኮምፒውተርም ከተጫነ መዝገቡ ለየብቻው ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ከስልክ የተሰረዘው በኮምፒውተሩ ላይ ሊቀር ይችላል።

6. አዲስ አድራሻ የሚተካ ከሆነ ስሙ በግልጽ ይጻፋል። «ዕድር» ከማለት የገንዘብ ያዡን ስምና የተመዘገበበትን ዓመት መጨመር በኋላ ለማጽዳት ያግዛል። ከዚያም በአዲሱ አድራሻ በመጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ ተልኮ፣ ባለቤቱ መድረሱን በድምፅ ሲያረጋግጥ ዋናው ይላካል።

መተግበሪያ በማይጭን ተራ ስልክ፣ ማለትም በኮከብ 127 መሰላል ቴሌብርን ለሚጠቀም ሰው፣ የአድራሻ መዝገቡ የስልኩ የራሱ የስም ዝርዝር ነው። እርሱም ቁጥሩን የሚያገኘው ከዚያ ዝርዝር ስለሆነ ጽዳቱ እዚያው ይደረጋል። በስልኩም በሲም ካርዱም ላይ አንድ ስም በሁለት ቁጥር ሊቀመጥ ስለሚችል ሁለቱም መታየት አለባቸው።

ከስም ስረዛ ጋር የሚምታቱ ሦስት ተግባራት

«ሰርዝ» የሚለው ቃል በአንድ መተግበሪያ ውስጥ በተለያየ ቦታ ይገኛል። ትርጉሙም ይለያያል።

የመጀመሪያው የተቀባይን ስም መሰረዝ ነው። ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ስሙን እንደገና መመዝገብ ይቻላል።

ሁለተኛው የራስን ሒሳብ ከቦርሳው ማስወገድ ነው። ይህ የተጠቃሚው የራሱ ገንዘብ ያለበትን አድራሻ ከማያ ገጹ ያነሳል። የማስመለሻ ቃላት ወይም ምስጢራዊ ቁልፍ ለሌለው ሰው አደገኛ ነው።

ሦስተኛው መተግበሪያውን ከነጭራሹ ከስልኩ ማጥፋት ነው። የቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ቢጠፋ ገንዘቡ በተቋሙ ዘንድ ስላለ መተግበሪያውን እንደገና መጫን ይበቃል። ባለቤቱ ራሱ ቁልፉን የሚይዝበት የክሪፕቶ ቦርሳ ግን ሲከፈት የሚሰጡት 12 ወይም 24 የማስመለሻ ቃላት በወረቀት ካልተያዙ ገንዘቡን መልሶ የሚከፍት የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በዌልስ፣ ኒውፖርት ከተማ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ 8 ሺህ ገደማ ቢትኮይን የሚከፍተው ቁልፍ ያለበት ሃርድ ዲስክ በስህተት ወደ ቆሻሻ መጣያ ሄዶበት፣ ከዓመታት ክርክር በኋላም ፍርድ ቤቱ በ2025 መጀመሪያ ጥያቄውን ውድቅ አድርጎበታል። ገንዘቡ በብሎክቼን ላይ ለማንም ይታያል፤ የሚከፍተው ግን የለም።

ይህን ልዩነት አታላዮችም ያውቁታል። «ቦርሳዎን እናጽዳልዎ፣ የማስመለሻ ቃላትዎን ይላኩልን» የሚል መልእክት የሚልኩት ለዚህ ነው። የተቀባይን ስም ለመሰረዝ የማስመለሻ ቃላትም ሆነ የምስጢር ቁጥር ለሌላ ሰው መንገር በፍጹም አያስፈልግም። የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ።

የተመዘገበው ስም የሌላ ሰው መረጃ ነው

በአድራሻ መዝገብ ውስጥ ያለው ስምና ቁጥር የባለስልኩ ብቻ አይደለም፤ የተመዘገበውም ሰው የግል መረጃ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ሰዎች የተሰበሰበ መረጃ በአግባቡ እንዲያዝ የሚጠይቅ ሲሆን፣ መረጃን የማሰረዝ መብትንም ይዟል። አዋጁ በዋናነት የሚመለከተው ተቋማትን ነው፤ መንፈሱ ግን ለግለሰብም ይጠቅማል። የደንበኞቹን ሁሉ ስምና ቁጥር በአንድ ስልክ የያዘ ነጋዴ ስልኩን ሳያጸዳ ቢሸጥ፣ አዲሱ ባለቤት ማን ለማን ገንዘብ እንደሚልክ ያውቃል። በነጋዴው ስም ደንበኞቹን ደውሎ ማታለልም አይከብደውም።

ስለዚህ ስልክ ከመሸጡ ወይም ለጥገና ከመሰጠቱ በፊት ከገንዘብ መተግበሪያዎች መውጣት፣ የማስመለሻ ቃላት በወረቀት መያዛቸውን ማረጋገጥና የተቀባዮችን ዝርዝር ማጥፋት ያስፈልጋል። ስልክ የጠፋበት ሰው ደግሞ ወዲያውኑ አገልግሎቱ እንዲታገድ መጠየቅ ይኖርበታል። ለቴሌብር በ127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 መደወል ይቻላል። በስህተት ገንዘብ የላከም ሰው በእነዚሁ ቁጥሮች ሳይዘገይ ያመልክት፤ ተቀባዩ ገንዘቡን አውጥቶ ከተጠቀመበት በኋላ ማስመለሱ ረጅም መንገድ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ፍጥነት ወሳኝ ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ

የአድራሻ መዝገብን ማጽዳት ትልቅ ሙያ አይጠይቅም። አርሶ አደሩ ከመዝራቱ በፊት ዘሩን አበጥሮ ከረጢቱን እንደሚያይ ሁሉ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መዝገቡን መፈተሽ ይበቃል። ለአርሶ አደሩ አንዱ ምቹ ጊዜ ምርቱ ተሰብስቦ ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት፣ ሌላው ደግሞ የማዳበሪያና የዘር ክፍያ ከመድረሱ በፊት ነው። ለከተማ ነዋሪው ደግሞ ዕድሩ ወይም ዕቁቡ ኃላፊዎቹን በመረጠ ማግስት ማየቱ ይመረጣል።

ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። ይህ አድራሻ የማን ነው? ይህንስ ያረጋገጥኩት መቼ ነው? ሁለቱንም መመለስ ያልተቻለበት ስም ይሰረዛል፤ የተቻለበት ይቆያል። ገንዘብ የሚሄደው ከስሙ በስተጀርባ ወዳለው ቁጥር ነውና፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የምስጢር ቁጥር አይነካም።